በጎበሳ በኩል ወደ ድሬዳዋ

አሰላ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለወይዘሮ የውብዳር
ድሬዳዋ

ውቤ፣ እንደምን ከረምሽ? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩሽ ወጉ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ደብዳቤ ስታርሚ የኖርሽ ሰው ነሽና ያለ ሰላምታ ብጀምር ቀይ እስክሪብቶሽን ታነሺብኛለሽ። እውነቱን ከፈለግሽ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህችን አራት መስመር ስጽፍ እንኳ ሁለቴ ተነስቼ ግቢውን ዞሬ መጥቻለሁ።

ወረቀት ያነሳሁት ስልኬን ስለማታነሺ ነው። ሄለን እሁድ እሁድ ስትደውል "እማዬ ደህና ናት አባዬ፣ ለማውራት ግን ገና ነች" ትለኛለች። ገና ነች ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም አትነግረኝም፣ እኔም አልጠይቃትም። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ጎረቤታችን ተናኘወርቅ ናት፤ የእህቷን ልጅ ልትድር ወደዚያው ትመጣለች። በሙጫ አሽጌ ነው የሰጠኋት። ተከፍቶ ከደረሰሽ ማን እንደከፈተው ታውቂያለሽ።

ጉዳዬን ከፊት ላስቀምጠው። ያችን አሮጌ ማሽን የማየት ጉዞ ልጀምራት ነው። ጡረታ ስወጣ አብረን ስናወጣ ስናወርዳት የነበረችውን፣ አንቺ "ዝገት ለመሳለም" እያልሽ የሳቅሽባትን። የመጨረሻዋ ማረፊያ ድሬዳዋ ናት፤ አሮጌው የባቡር ጥገና እዚያ አለ። ከጥገናው እስከ ሄለን ቤት በባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠይቄ አውቄያለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ትከፍቺልኛለሽ ወይ? የምጠይቅሽ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሳትመልሺልኝ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነው።

ከሄድሽ ሦስት ወር ከአሥራ ስድስት ቀን ሆነ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የግድግዳ ሰዓቱን ፈታሁት፤ ምንም አልነበረበትም። የውሃውን ፓምፕ ፈታሁት፤ እሱም ምንም አልነበረበትም፣ አሁን ግን አለበት። የጓዳውን በር ቁልፍ ፈትቼ ስገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ በሩ ግን ይዘጋል፣ እንዴት እንደሚዘጋ እኔም አልገባኝም። የተናኘወርቅን የኤሌክትሪክ ምድጃ "ድምፁ ደስ አላለኝም" ብዬ ልወስደው ስል ሴትዮዋ ምድጃዋን አቅፋ ቆመች። "አቶ አሰግድ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ የራስዎን ቤት ይጨርሱ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ በሯን ገርበብ ታደርጋለች።

ወቅቱ ደግሞ አልረዳኝም። ኅዳር ነው። ኮምባይነሮቹ በሎቤድ ተጭነው በአስፋልቱ ሲያልፉ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ እኔም ጫማዬን ሳላስር ደጅ እወጣለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ወር ቤቴ አድሬ አላውቅም። አሁን ቁጭ ብዬ የሰው ማሽን ሳይ እውላለሁ። የዘንድሮዎቹ ኦፕሬተሮች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ነው የሚያጭዱት። ኩሽኔታ ሲያለቅስ በምን ጆሯቸው ሊሰሙት ነው? ትናንት አንዱን መንገድ ዳር አስቁሜ የግራ ጎኑ ቺንጊያ መላላቱን ነገርኩት። "አባባ፣ ሴንሰር አለው" አለኝ። አባባ! አንቺ ብትኖሪ ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ስም ትጠሪኝ ነበር።

ላንድሮቨሯ ተነስታለች። ከዲሮ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት የኖረችው፣ ያችው። ከዲሮ ሃያ ዓመት ረዳቴ ሆኖ ኮምባይነር ላይ ግራሶ ሲቀባልኝ እንደኖረ ሄለን ላታስታውስ ትችላለች፤ አሁን የመለዋወጫ ሱቅ አለው፣ ሆዱም ከመሪው አልፏል። ዶሮዎቹን አስወጣን፣ ፍሪሲዮኗን ቀየርን፣ ፍሬኗን ሠራን። አንዲት ቀይ ዶሮ ግን ውርስ ያላት ይመስል በየማለዳው በመስኮት ትገባለች። ከዲሮ እስከ ድሬዳዋ አብሮኝ ሊመጣ ቃል ገብቷል፤ ከዶሮዋ ጋር ገና አልተነጋገርንም።

መንገዱን ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አገራችን ለዘውድ፣ ለመስቀልና ለጥንት ዐፅም ሙዚየም አላት፤ ለማሽን ብዙም አላሰበችበትም። ስለዚህ ሙዚየም የሚል ታፔላ ያለውንም የሌለውንም ደባልቄ ጻፍኩ። በኢተያ አድርገን ዴራ እንወርዳለን። ዴራ ምንም የሚታይ ማሽን የለም፣ ላንድሮቨሯ ግን እዚያ ውሃ ትጠጣለች። ከዚያ ወንጂ። ሆላንዶች የተከሉት አሮጌው ስኳር ፋብሪካ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ካላስገቡኝ በአጥሩ ቀዳዳ አየዋለሁ። ከዚያ በጣሊያን ጊዜ የተሠራውን የአባ ሳሙኤልን የውሃ ኃይል ማመንጫ አይቼ አዲስ አበባ እገባለሁ። ለገሃር ጣቢያ ሄጄ ቢያንስ ሐዲዱን እረግጣለሁ። ከዚያ የሰርኪስ ባቡር አለ፤ በምኒልክ ጊዜ የመጣው፣ ያለ ሐዲድ በእንፋሎት የሚሄደው። ያን ያህል ብረት በዚያ መንገድ የነዳው ሰው ምን ይሰማ ነበር? ማርሹ ሲንቋቋ፣ ውሃው ሲያልቅ ምን ያደርግ ነበር? ይህን የጻፈ ሰው ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። ከዚያ ተመልሼ በአዳማ፣ በአዋሽ አድርጌ ድሬዳዋ። መቶ ዓመት ያለፋቸው ቶርኖዎች፣ ብረት የሚቀርጹት ማሽኖች፣ አሁንም ቆመው አሉ ይላሉ። አንዷን እንኳ በእጄ ሳላዞራት አልመለስም።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ቦታ እንደዘለልኩ አንቺ ሳታነቢው ታውቂዋለሽ። ሄለን ግን አታውቅም፤ ምን እንደተጣላን እኔም አንቺም አልነገርናትም። ደብዳቤውን ብታሳዪያት ቅር አይለኝምና ለሷ እንዲገባት አድርጌ ልጻፈው።

ሄለን፣ ወንድምሽ እዮኤል ያረፈው ታኅሣሥ 6 ቀን 1990 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ እዚሁ አሰላ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሳንባ ምች። አራት ዓመት ከሰባት ወር ነበረው። እኔ ያን ቀን ከጎበሳ አለፍ ብሎ አብዲሳ የሚባል ገበሬ ማሳ ላይ ስንዴ እያጨድኩ ነበር። ቤት የደረስኩት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ለእናትሽ መልእክቱ የደረሰኝ ሊመሽ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው አልኳት። አመነችኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አመነችኝ።

የኛ መሥሪያ ቤት ደንብ ነበረው። ኮምባይነር ከአሥር ደቂቃ በላይ ከቆመ ኦፕሬተሩ ሰዓቱንና ምክንያቱን በማሽኑ ደብተር ላይ ይጽፋል። ቺንጊያ ተበጠሰ። ነዳጅ አለቀ። ዝናብ። በዚህ ደብተር ብዙው ሰው ይቀልድበት ነበር፤ ማታ ተሰብስበው በግምት ይሞሉታል። እኔ ግን አልቀለድኩበትም። ሰዓቴን አይቼ እዚያው ማሽኑ ላይ እጽፋለሁ። አለቆቼ "የአሰግድ ደብተር ፍርድ ቤት ይቀርባል" ይሉ ነበር፤ እኔም ይህን እየሰማሁ ደረቴን እነፋ ነበር። ጡረታ ስወጣ አሮጌዎቹን ደብተሮች ሊያቃጥሏቸው ሲሉ የኔን ለምኜ በሁለት ሣጥን አመጣኋቸው። ለራሴ ሙዚየም ይሆኑኛል ብዬ።

ውቤ፣ ነሐሴ ሦስት ቀን ደብተሮቹን በየዓመታቸው ስትደረድሪልኝ ነበር። እኔ ወለሉ ላይ ካርታ ዘርግቼ ተንበርክኬያለሁ። የትኛው መንገድ ፒስታ፣ የትኛው አስፋልት እንደሆነ ስጮህልሽ አንቺ ስትስቂ ነበር፤ ያን ሳቅ አሁን ቤቱ ውስጥ እየፈለግሁት ነው። ከዚያ እጅሽ አንድ ደብተር ላይ አረፈ። 1990ን አንስተሽ ነበር። ክፍል ውስጥ እንደምታነቢው ድምፅሽን ሳትቀይሪ አነበብሽው፦

"5:20 ቆመ። ይስሃቅ ከአሰላ መልእክት ይዞ መጣ። 12 ደቂቃ። 5:32 ሥራ ቀጠለ።"

ይስሃቅ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ነበር። አንቺ ነሽ ከሆስፒታል ሮጠሽ የላክሽው። ደብተሩን ይዘሽ ቆመሽ በጣትሽ ቆጠርሽ። ከጎበሳ አሰላ ያኔ በነበረው መንገድ ሦስት ሰዓት። "አምስት ተኩል ላይ ብትነሳ ስምንት ተኩል ላይ ትደርሳለህ።" "አንድ ሰዓት ተኩል ይተርፍህ ነበር" አልሽኝ።

እኔ ምን አልኩሽ? ዝናብ መጥቶ ነበር አልኩሽ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ አብዲሳ እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ፣ የልጆቼ የዓመት ጉሮሮ ነው አለኝ፣ የሰው እንባ አልፌ መሄድ አቃተኝ አልኩሽ። "ማልልኝ" አልሽኝ። በእዮኤል ነፍስ ማልኩልሽ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ፤ የሄድሽው ግን አምነሽኝ መስሎኝ ነበር። አመነችኝ፣ ግን ይቅር ለማለት ጊዜ ትፈልጋለች እያልኩ ሦስት ወር ሰዓት ስፈታና ስገጥም ኖርኩ።

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንት ልምጣ። ላንድሮቨሯን ለመሞከር ዳገት ያስፈልጋታል ብዬ ከዲሮን ጎበሳ ወሰድኩት። ለሱ ያልኩት እንዲያ ነው። የሄድኩት ግን ምስክር ፍለጋ ነው፤ ከዲሮም ያን ቀን ማሳው ላይ አብሮኝ ነበር፣ ግን የኔ ሰው ነውና ቃሉ አይበቃሽም ብዬ። አብዲሳ ከሞተ ቆይቷል፤ ሚስቱ አዴ ፋጡ ግን በሕይወት እንዳለች ሰምቻለሁ። አግኝቻት "አዎ፣ ለምነነው ነበር" የሚለውን ቃሏን በስልኬ ቀርጬ ልልክልሽ ነበር አሳቤ። አሥራ አምስት ሴኮንድ ቢሆን ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ጎበሳን አልፈን ግቢያቸው ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ምን መሰለሽ? አሥራ አራት ቁጥርን። ያን ዓመት የነዳኋትን ኮምባይነር። የአብዲሳ ልጅ ሚፍታ ለመለዋወጫ ብሎ ወስዷት አጥሩ ጥግ አቁሟታል። ጎማ የላትም፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እህል መያዣዋ ውስጥ ተርብ ሠፍሯል። ቀለሟ ለቆ ቁጥሯ ግን ይነበባል። ከዲሮ ደስ ብሎት ዞሯት፣ ነካካት፣ "ጋሼ፣ ግራሶው እኮ አሁንም አለ!" እያለ ጣቱን አሳየኝ። እኔ መሰላሏን ወጥቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ማሳው ከፊቴ ነው። ስንዴው ዘንድሮም ደርሷል፣ ገና አልታጨደም። መሪው ላይ እጄን ሳሳርፍ እጄ የት እንደሚያርፍ ያውቀዋል። ብዙ አልቆየሁም፤ ወርጄ ወደ ቤቱ ሄድኩ።

አዴ ፋጡ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። በድምፄ አወቀችኝ።

"አሰግድ? አሰግድ ኮምባይነሩ? ያ ረቢ! አረጀህ እንዴ?"

"እርስዎ ግን አላረጁም፣ አዴ ፋጡ።"

"ዋሾ! ግባ፣ ግባ፣ እዚያ ጋ ተቀመጥ።" እርጎ በጮጮ አቀረበችልን። ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዘንድሮው ዋግ ካወራን በኋላ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀረጻውን ጫንኩት።

"አዴ ፋጡ፣ ያን ጊዜ ልጄ የሞተ ቀን፣ ኦቦ አብዲሳ እንዴት አድርገው እንደለመኑኝ ያስታውሳሉ?"

"ምን ብሎ ለመነህ?"

"ስንዴውን ጨርስልኝ ብለው።"

የያዘችውን ጮጮ አስቀመጠች። "ማን? አብዲሳ? እረ ተው አንተ ሰውዬ! አብዲሳማ ሂድ ነው ያለህ። እኔ ምሳ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ሹፌሩ ልጁ በጠና ታሟል ሲል አብዲሳ ማሽንህ ላይ ወጣ። ቁልፉን ሊነቅል ታገለህ። 'ስንዴው የኔ ነው፣ ይርገፍ፣ አንተ ልጅህ ጋ ሂድ' አለህ። አልገባህም ብሎ በኦሮምኛም ጮኸብህ፣ 'ዴሚ! ዴሚ!' እያለ። አንተ እጁን ገፍተህ ማሽኑን አስነሳኸው። አብዲሳ ወድቆ ክርኑ ተልጦ ነበር እኮ።"

"ዝናቡስ?" አልኳት።

"የቱ ዝናብ? ዝናቡማ በሦስተኛው ቀን ነው የመጣው።"

ከዲሮን አየሁት። ጫማውን ያያል። "ከዲሮ?" አልኩት።

"እውነቷን ነው ጋሼ።"

"ሃያ ሰባት ዓመት ለምን ዝም አልከኝ?"

"በለቅሶው ላይ ሌላ ስትናገር ሰማሁህ። እንደዚያ ካላለ ይሄ ሰው አይቆምም ብዬ ተውኩህ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በምን ላንሳው?"

አዴ ፋጡ ገና አልጨረሰችም ነበር። "ያ ስንዴ እኮ ቤታችን አልገባም" አለች። "አብዲሳ 'ይሄ የዚያ ልጅ ነው' ብሎ ሁሉንም ሰደቃ አወጣው። ከዚህ እስከ ጢቾ ያለ ችግረኛ በላው። እኛ ያን ዓመት ከወንድሙ ተበድረን ነው የዘራነው። ስሙን ስለማናውቅ 'የኮምባይነሩ ልጅ' እያልን ነው ዱዓ ያደረግነው።" ከዚያ ወደ ድምፄ ዞር ብላ "ስሙ ማን ነበር?" አለችኝ።

"እዮኤል" አልኳት።

"እዮኤል" አለች፤ ደግማ ደጋግማ፣ እንዳይጠፋት።

ስንመለስ ከዲሮ ነዳ። እኔ አልቻልኩም።

ውቤ፣ ያን አሥራ ሁለት ደቂቃ አስቢው። መልእክት ለመቀበል አሥራ ሁለት ደቂቃ ምን ያደርጋል? ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አሥሩ ደቂቃ አብዲሳ ከማሽኑ ሊያወርደኝ የታገለበት ነው። እኔ ራሴ በእጄ ጽፌዋለሁ፣ ለማሽኑ ደብተር መዋሸት አቅቶኝ። ላንቺ ግን ዋሸሁሽ። ለራሴም ዋሸሁ፤ አብዲሳ እግሬ ላይ ሲወድቅ አያለሁ፣ ሰማዩም ሲጠቁር አያለሁ፣ ዛሬም ዓይኔን ብጨፍን ይታየኛል። ስምልልሽ ያመንኩትን ነው የማልኩት። ይህ ግን መሐላውን እውነት አያደርገውም። የለመነኝ ሰው የለም። ዝናብም አልነበረም።

ታዲያ ለምን አልሄድክም ትይኛለሽ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስጠይቀው የከረምኩት ይህን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ "ልጁ ታሟል" ተብዬ ማሽን አቁሜ መጥቼ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስደርስ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ነው ያገኘሁት። ሦስተኛውም እንደዚያው መስሎኝ ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላውን ግማሽ ግን ካንቺም ከራሴም አልደብቅም።

ፈራሁ፣ ውቤ። ይስሃቅ ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ፊቱን ሳይ አወቅሁ። ማሽን ላይ ሆኜ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የቱ ብሎን እንደላላ፣ የቱ ኩሽኔታ እንደደረቀ እሰማለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እሠራዋለሁ። የልጄ ደረት ሲያጉረመርም ግን አልጋው ራስጌ ቆሜ እጄን የማደርግበት አጣ ነበር። አንቺ ታቅፊዋለሽ፣ ታስተነፍሺዋለሽ፣ ትዘምሪለታለሽ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ መሄጃ እፈልጋለሁ። ያን ቀን ደግሞ ማሽኑ እስካልቆመ ድረስ ምንም የሆነ ነገር የለም ብዬ ያዝኩ። መስመር ጨርሼ ስዞር፣ አንድ መስመር ብቻ እላለሁ። ደግሞ እዞራለሁ። እንዲህ ሆኜ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ማሳው አለቀብኝ። ማሳው ባያልቅ ኖሮ ቤት የምመጣበትን ቀን አላውቀውም።

ቀረጻው ስልኬ ላይ አለ። ከዲሮ "አጥፋው፣ ለማን ይጠቅማል?" ብሎኝ ነበር። አላጠፋሁትም። መስማት ከፈለግሽ ያንቺ ነው፤ ካልፈለግሽ ማንም አይሰማውም።

መንገዱን ለሰባተኛ ጊዜ ጻፍኩት። ጎበሳ አንደኛ ገባች። ጎበሳ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ጂኦግራፊ አታስተምሪኝ። ታኅሣሥ 6 በየዓመቱ የእዮኤልን ዳቦ ለብቻሽ ተሸክመሽ ቤተ ክርስቲያን ወስደሻል፤ ወቅቱ የአጨዳ ስለሆነ እኔ አንድም ዓመት አልነበርኩም። ዘንድሮ እኔ እወስዳለሁ። ዳቦ ቤቱን አዝዣለሁ፤ እንዳልጋግረው ተናኘወርቅ ቀድማ ለምናኛለች። በማግስቱ ጎበሳ ሄጄ አዴ ፋጡንና ሚፍታን አመስግኜ፣ የአብዲሳን መቃብር አይቼ፣ ከዚያ እነሳለሁ። መንገዱ ላይ ካልተበላሸን አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ላይ ድሬዳዋ ነኝ። ላንድሮቨሯ ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ የኋላውን ለከዲሮ ሰጥቼዋለሁ። ግን ይህን እንደ ጥያቄ አትቁጠሪው፤ የጠየቅሁሽ በሩን ብቻ ነው። የማትከፍቺ ከሆነ ለሄለን ንገሪያት፤ ቶርኖዎቹን አይቼ እመለሳለሁ፣ ደጅሽ ቆሜ አላስቸግርሽም።

ሄለንን ግንባሯን ሳሚልኝ። የድሬ ፀሐይ ራስሽን እንዳያምሽ ሻሽሽን አትርሺ፤ የግፊት መድኃኒትሽንም ጠዋት ጠዋት ዋጪ፣ ማታ አይደለም። እግዚአብሔር ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ፣ ልጃችንን በደህና ያኑርልን፣ ያንን ልጅም በአብርሃም እቅፍ ያቆየው።

መጨረሻ ላይ ላንሳው ብዬ ያቆየሁት አንድ ነገር አለ። በሩን ባትከፍቺልኝም ይህን ብቻ በሄለን በኩል መልሺልኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለዚያ ከሰዓት በኋላ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። ሐዘኑን እንዳልቀሰቅስብሽ መስሎሽ ይሆናል፤ ሰውም ለሚስቱ የሚጠነቀቅ ባል ነው ይለኝ ነበር። የፈራሁት ሰዓቱን እንዳትጠይቂኝ ነው። አሁን ሰዓቱን አውቀሻል። ስለዚህ ልጠይቅሽ።

ከስምንት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እዮኤል ጠይቆኝ ነበር? ከጠየቀ፣ አባቴ የት ነው ሲልሽ ምን አልሽው?

የእዮኤልና የሄለን አባት
አሰግድ